ወደ ዊንዶውስ 11 ከተሻገርኩ ወዲህ ሥራዬ ተጓተተ፤ ወደ 10 ልመለስ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ማራኪ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለኝ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ የዕድርና የሰበካ ጉባኤ ጽሑፎችም እሠራለሁ። ዊንዶውስ 10 አበቃለት ሲባል ሰምቼ ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም ኮምፒውተሮቼን ወደ 11 አሻገርኩ። ላፕቶፑ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። እሱ በራሱ አፕዴት አደረገ። ዴስክቶፑ ስድስተኛ ትውልድ ስለሆነ "አይመጥንም" አለኝ፤ አንድ ባለሙያ ክልከላውን በፍላሽ አልፎ እንደ አዲስ ጫነልኝ። አሁን ላፕቶፑ ላይ ዎርድ እስኪከፈት ደንበኛ ተነሥቶ ይሄዳል። ዴስክቶፑ ላይ የድሮ የአማርኛ ሰነዶቼ ከፊሎቹ የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነዋል፤ ሌሎቹ ይነበባሉ፣ ግን ገጻቸው ተዛብቷል። ከላፕቶፑ ሆኜ ዴስክቶፑ ላይ ባለው ፕሪንተር ማተምም አልቻልኩም። የማማክረው ሰው ሁሉ "ትለምጂዋለሽ" ይለኛል። እውነት የጎደለኝ ልምድ ነው? ወደ 10 ልመለስ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ የጎደለዎት ልምድ አይደለም። ልምድ የሚጠቅመው ቦታውን የቀየረ ቁልፍ ፈልጎ ለማግኘት ነው። ዎርድ ለመክፈት የሚያቃስት ላፕቶፕ በልምድ አይፈጥንም፤ ምልክት ብቻ የሆነ ቃለ ጉባኤም በልምድ አይነበብም። ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን የዘረዘሩት ችግር ሁሉ መነሻው አንድ ስላልሆነ መፍትሔውም አንድ አይሆንም። ከፊሉ ማይክሮሶፍት ሆን ብሎ የለወጠው ነው። ከፊሉ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ዲስክ ያመጣው ነው። የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ ከዊንዶውስ 11 በፊት ጀምሮ ሰነዶቻችን ውስጥ የቆየ ነው፤ አሁን ገና ተገለጠልዎት።

ውሳኔውን አስቀድሜ ልንገርዎት። ላፕቶፑ 11 ላይ ይቆይ፣ ዲስኩ ግን ይቀየር። ዴስክቶፑ ወደ 10 ይመለስ። ከሁለቱም በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ እሱንም ዛሬውኑ ቢያደርጉት ይሻላል፦ የፊደል ፋይሎችዎን ማዳን።

የማይነበቡት ሰነዶች አልጠፉም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ይሠሩ የነበረው በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ በማስቀመጥ ነው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና የምልክት ቁጥር ነው፤ እኛ "ሰ" ወይም "መ" ሆኖ የምናየው ያንን ቅርጽ የያዘው ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ብቻ ነው። ዴስክቶፑ እንደ አዲስ ሲጫን ፎንቱ አብሮ ሄደ፤ ከሥር የነበረው ላቲን ወጣ። የድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የሚታወቁበት ጠባይ ይኸው ነው። ዊንዶውስ 7ንም ፎርማት አድርገው መልሰው ቢጭኑት ያው ይገጥምዎት ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። ከተበላሹት አንዱን ሰነድ ይክፈቱ። የማይነበበው መስመር ላይ ጠቋሚውን ያሳርፉና ዎርድ ላይ ከላይ በኩል የፎንት ስም የሚታይበትን ሳጥን ይመልከቱ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ተጽፎ ይቆያል። ያንን ስም ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ከዚያ ያንኑ ሰነድ በፍላሽ ወስደው ላፕቶፑ ላይ ይክፈቱት። ላፕቶፑ ከ10 ወደ 11 የተሻገረው ሳይጠፋ ስለሆነ የድሮ ፎንቶቹን ይዞ ነው የመጣው። እዚያ ከተነበበ ነገሩ አለቀ፤ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ፣ በጻፉት ስም የሚጠራውን ፋይል ቀድተው ዴስክቶፑ ላይ ይጫኑ። ሲጭኑ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው ለሁሉም ተጠቃሚ የሚጭነውን ምርጫ ይውሰዱ፤ አለበለዚያ በሌላ ስም የሚገባ ሠራተኛ ካለ ለእሱ አይታየውም።

ላፕቶፑ ላይም ካልተነበበ ዴስክቶፑ ሲ ድራይቭ ውስጥ "ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ" የሚባል ፎልደር ይፈልጉ። ባለሙያው ክፍልፋዩን ፎርማት ሳያደርግ ጭኖ ከሆነ የድሮው ዊንዶውስ ተጠቅልሎ እዚያ ውስጥ አለ። በውስጡ ያለው ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ አንደኛው ቦታ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፦ ዩዘርስ፣ የእርስዎ ስም፣ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዊንዶውስ 10 ላይ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነ ፎንት የሚቀመጠው እዚህ ነው። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ መጀመሪያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ዛሬውኑ ያልኩዎት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዊንዶውስ ያንን የድሮ ፎልደር ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ይሰርዘዋል፤ እርስዎ ደግሞ ሳምንት አልፎዎታል።

አንድ አደራ አለኝ። የተበላሸውን ጽሑፍ በሙሉ መርጠው ፎንቱን ኒያላ ወደተባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ወይም ወደ ሌላ አይቀይሩት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንን ነው፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። ፎንት መቀየር ከሥር ያለውን ላቲን ወደ አማርኛ አይለውጠውም። ይባስ ብሎ ሰነዱ ውስጥ የትኛው ቃል እውነተኛ እንግሊዝኛ፣ የትኛው ደግሞ አማርኛ ሆኖ የተጻፈ ላቲን እንደሆነ የሚናገረው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ሁሉንም አንድ ፎንት አድርገው ሴቭ ካሉት በኋላ ያ ምልክት ይጠፋል። የአንድ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ እየተቀላቀለ ስንት ገጽ እንደሚሄድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ያንን መልሶ ቃል በቃል መለየት የሰው ጉልበት ይፈጃል።

የሚነበቡት ግን ገጻቸው የተዛባው ሰነዶች ጉዳይ ቀለል ይላል። እነሱ በዩኒኮድ የተጻፉ ናቸው፤ ምናልባትም በኒያላ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ ፎንት ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን እንደ አዲስ ሲጫን አብሮ አይገባም፤ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚወርድ ሆነ። እሱ በሌለበት ዊንዶውስ ኤብሪማ የተባለውን ይተካበታል። የሁለቱ ፊደል ስፋትና የመስመር ከፍታ ስለማይመሳሰል በ40 ገጽ ያለቀ ጽሑፍ አልፎ ይሄዳል፣ ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥርም ይሳሳታል። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብቶ ኢትዮፒክ የሚለውን በእንግሊዝኛ መፈለግና የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ማስጫን ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ይኸው ነገር አፕስ በሚለው ሥር ነው። ኢንተርኔት ይፈልጋል። አማርኛን ከቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ሲጨምሩም አብሮ ይመጣል።

ሰነዶቹ መነበብ ሲጀምሩ ነገሩ እዚያ አይብቃ። በድሮው አሠራር የተጻፉትን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሁልጊዜ ቅጂውን እንጂ ዋናውን አይለውጡ። ከተለወጠ በኋላ በተለይ "ኋ"፣ "ቧ"፣ "ሏ" የመሳሰሉትን፣ የግዕዝ ቁጥሮችን፣ አራት ነጥብንና ድርብ ሰረዝን በዓይን ይፈትሹ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነው። የዕድር መተዳደሪያ ደንብና የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ ከ10 ዓመት በኋላም የሚፈለግ ወረቀት ነው። አዲስ ጽሑፍ ደግሞ ከአሁን ጀምሮ በዩኒኮድ ብቻ ይጻፍ። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ካልተመቸዎት ኪማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም የተለያየ የአማርኛ አጻጻፍ ይሰጣል፤ ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅም በዩኒኮድ ፎንቱ እስከተጻፈ ድረስ ችግር የለውም።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ዎርድ እስኪከፈት ሲጠብቁ ዲስክ የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ፣ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) ግን ዝቅ ብሎ ካዩት ምክንያቱ ተገኘ፤ እንደነገሩኝ ከሆነ የሚያዩት ይህንን ነው። ላፕቶፕ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ ይሽከረከራል። አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር የሚያነበው ክንድ ቦታው እስኪደርስና ዲስኩ ዞሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ስለዚህ በየቦታው የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ሲጠየቅ በሰከንድ ከመቶ ብዙ የማይበልጥ ጥያቄ ነው የሚያስተናግደው። ኤስኤስዲ የተባለው፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው የዲስክ ዓይነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ያስተናግዳል። ዊንዶውስ 11 ገና ሲነሣ ቫይረስ መከላከያው ይፈትሻል፣ የፍለጋ ማውጫው ይገነባል፣ አፕዴት ይወርዳል፣ ዜናና የአየር ሁኔታ የሚያሳየው መስኮት ይጫናል፤ ከተሻገሩ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ደግሞ ማውጫው ከሥሩ ስለሚገነባ ይብሳል። ሁሉም በአንድ ጠባብ በር ሲጋፉ የእርስዎ ዎርድ ወረፋ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ማይክሮሶፍትን የምወቅስበት ነገር አለኝ። ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2021 ሲወጣ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው፤ ማከማቻው ምን ዓይነት ይሁን አላለም። ፕሮሰሰሩን ግን በትውልድ ቆጥሮ ይከለክላል፦ ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ከራይዘን 2000 ጀምሮ። ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ስለዚህ ጥሩ ኤስኤስዲ ያለው ስድስተኛ ትውልድ ኮምፒውተር "አይመጥንም" ይባላል፣ ሃርድ ዲስክ ያለው ስምንተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ደግሞ "ይመጥናል" ተብሎ ይሻገርና ባለቤቱን ያስለቅሳል። የተጠቃሚውን ቀን የሚወስነው ዲስኩ ሆኖ ሳለ ስለ ዲስኩ ዝም ማለት ትክክል አልነበረም። ተመሳሳይ ነገር እ.ኤ.አ. በ2007 በቪስታም ታይቷል፤ "ቪስታን መሸከም ይችላል" የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው የተሸጡ ኮምፒውተሮች አዲሱን ገጽታ መሸከም አቅቷቸው ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ይህን ላፕቶፕ ወደ 10 መመለስ ትንሽ ያቀልለት ይሆናል እንጂ በሽታውን አያድነውም። መመለስ ከፈለጉ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ "ጎ ባክ" የሚለው ቁልፍ ለ10 ቀን ብቻ ክፍት ነው፤ እኔ ግን አልመክርዎትም። ያንን ገንዘብና ጊዜ 256 ወይም 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ ያውሉት። እዚያው ጎንደር ፒያሳ ያሉት የኮምፒውተር ሱቆች ዘንድ ካላገኙ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ አደራ ይበሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ላፕቶፑ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባውን) ነው የሚቀበለው ወይስ ኤም ነጥብ 2 (እንደ ራም ቀጭን ሰሌዳ የሆነው) የሚሰካበት ቦታም አለው የሚለውን አስከፍተው ያረጋግጡ። ከጥሩ ብራንድ አስመስለው የሚሸጡ፣ መጠናቸው ውሸት የሆነ ዲስኮች ገበያ ላይ አሉ፤ ሻጩ ፊት ተሰክቶ ፋይል ሲቀዳበት ሳያዩ አይክፈሉ። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አይጣሉት፤ ማቀፊያ ገዝተውለት የመጠባበቂያ ማስቀመጫ ያድርጉት። 8 ጊጋባይት ራሙ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል።

ኤስኤስዲው ላይ ዊንዶውስ ሲጫን ግን አጠገቡ ይቁሙ። አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 24ኤች2 ስሪት ጀምሮ ደግሞ በአካውንት ገብተው እንደ አዲስ ሲጭኑት ዲስኩ በራሱ ይቆለፋል፤ ቢትሎከር የሚባለው ነው። መክፈቻ ቁልፉ የሚቀመጠው በተገባበት አካውንት ውስጥ ነው። ባለሙያው ለጊዜው ብሎ በራሱ አካውንት ከገባ የእርስዎ ዲስክ ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቀን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው መነሻ ፕሮግራም) ተነክቶ ወይም ሰሌዳው ተቀይሮ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ሲጠየቁ ሰውየው ከተማውን ለቆ ከሆነ፣ ወይም የይለፍ ቃሉን ረስቶት ከሆነ፣ ፋይሎቹን የሚያወጣልዎት የለም። በራስዎ አካውንት ይግባ፣ ቁልፉን ያትሙትና ከንግድ ፈቃድዎ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ዴስክቶፑንም አሁኑኑ ያረጋግጡ፦ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲና ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን።

አካውንት ካነሣን የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ የሆነውን ዋንድራይቭንም ልጥቀስ። በአካውንት ሲገቡ ዴስክቶፕና ዶክመንት ፎልደሮችዎን ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫው ሊያዛውር ይችላል፤ ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ተማሪዎች በቀን የሚያመጡት ፋይል ሁሉ በሞባይል ዳታዎ ሲጫን ካርድ ይበላል፣ የሰው ጽሑፍም ያለ ፈቃዱ ይወጣል። ከዋንድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ የፎልደር ባክአፕን ያጥፉት። ሲያጠፉት ዴስክቶፑ ላይ የነበረ ፋይል የጠፋ ቢመስል አይደንግጡ፤ በስምዎ ባለው ፎልደር ሥር ዋንድራይቭ ውስጥ ያገኙታል። ኢንተርኔቱም በዳታ የሚቆጠር ከሆነ በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሚተርድ የሚለውን ያብሩት፤ ትልልቅ አፕዴቶች በሥራ ሰዓት ሳይጠይቁ መውረዳቸው ይቀንሳል።

ማይክሮሶፍት ሆን ብሎ ስለለወጣቸው ነገሮች ብዙ አልልም። የስታርት ቁልፍ ወደ ግራ የሚመለሰው በፐርሰናላይዜሽን፣ ታስክባር ሥር ነው። በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ የሚመጣው አጭር ዝርዝር ካናደደዎት ሺፍትን ይዘው ጠቅ ያድርጉ፣ የድሮው ሙሉ ዝርዝር ይመጣል። ታስክባሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን መውሰድ ግን 11 ሲወጣ ቀርቷል። የተከፈቱ መስኮቶችን ስማቸውን አሳይቶ ለየብቻ መደርደርም ቀርቶ ነበር፤ ተጠቃሚው አጥብቆ ስለጮኸ እ.ኤ.አ. በ2023 ተመለሰ። ስድስት ተማሪ ስድስት ሰነድ ከፍቶ በሚጠብቅበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚያው ታስክባር ሴቲንግ ውስጥ አያቀላቅል የሚለውን ይምረጡት። የተጠቃሚ ጩኸት ውጤት ሲያመጣ የመጀመሪያው አይደለም። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የስታርት ቁልፍን አስወግዶ ነበር፤ በዓመቱ በ8.1 መልሶ አመጣው። ስለዚህ ቅሬታዎን በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ፊድባክ ሃብ መላክ ከንቱ ድካም አይደለም፤ በተለይ ስለ አማርኛ ፎንትና ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው።

ፕሪንተሩ ያስቸገረዎት ሌላ ምክንያት አለው። እስከ ዛሬ ላፕቶፑ ዴስክቶፑ ጋ የሚገባው ያለ ይለፍ ቃል፣ በእንግድነት ነበር። ከ24ኤች2 ወዲህ ዊንዶውስ 11፣ በተለይ ፕሮ የተባለው እትም፣ በኔትወርክ ፋይልና ፕሪንተር ሲጋራ የሚላላከው በፊርማ የተረጋገጠ እንዲሆን ያስገድዳል፤ በእንግድነት የሚገባ ደግሞ ሊፈርም አይችልም። ይህን ጥበቃ የሚያጠፋ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። አይከተሉት፤ የቤትዎን ዋይፋይ ደንበኞችም ይጠቀሙበታል። ትክክለኛው መንገድ ፕሪንተሩ ያለበት ዴስክቶፕ ላይ ይለፍ ቃል ያለው አንድ ተጠቃሚ መፍጠርና ላፕቶፑ ሲጠይቅ መጀመሪያ የዴስክቶፑን ስም፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ያዘነበለ ጭረት፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም አድርጎ መግባት ነው። አንዴ ካስታወሰው ዳግም አይጠይቅም። ፕሪንተሩ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ማገናኘቱ ከሁሉ ይቀላል፤ ዴስክቶፑ ቢጠፋም ኅትመቱ አይቆምም። ወረቀቱ አንዳንዴ ወደ ሌላ ፕሪንተር ወይም ወደ ፒዲኤፍ የሚሄድብዎት ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ዋናውን ፕሪንተር በራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉት።

ወደ ዴስክቶፑ ልምጣ። ክልከላው ታልፎ የተጫነ ዊንዶውስ 11 ይሠራል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፣ ዓመታዊው አዲስ ስሪትም በራሱ አይመጣለትም። የእርስዎ ዴስክቶፕ ቀኑን ሙሉ የማያውቁት ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ የደኅንነት አፕዴት ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025) ነው። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ቆመ ማለት አይደለም፤ ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የደኅንነት አፕዴት የሚቀጥልበት ምዝገባ አለ። ስሪቱ 22ኤች2 መሆን አለበት፣ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባትም ይፈልጋል። ክፍያው 30 ዶላር ነው፤ የሴቲንግ ባክአፕን ካበሩ ግን ያለ ክፍያ ይመዘገባሉ። የመመዝገቢያው ማስፈንጠሪያ እዚያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው። በሕጋዊ ፈቃድ የተከፈተ ዊንዶውስ ይሁን፤ ዊንዶውስን በነፃ ይከፍታሉ የሚባሉት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስጠፉት ቫይረስ መከላከያውን ነው።

ይህ የጊዜ መግዣ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያንን ዴስክቶፕ ምን እንደሚያደርጉት ይወስኑ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫኑት ነፃዎቹ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ቢጫኑበት ለስድስተኛ ትውልድ አይከብደውም፣ አማርኛም በዩኒኮድ ይጻፍበታል፣ ኪማንም ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ተማሪ በዎርድ ሠርቶ ያመጣውን ጽሑፍ እዚያ በዎርድ ፋንታ በሚሠራው ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፍቱት ሠንጠረዥና የገጽ አቀማመጥ ሊዛባ ስለሚችል ለኅትመት ቤት ብቸኛ ኮምፒውተር አድርጌ አልመክረውም። ቫይረስ የበዛበትን ፍላሽ ለመክፈትና ፒዲኤፍ ለማተም ግን በጣም ይሆናል። ፒችትሪ ወይም ሌላ የሒሳብ ፕሮግራም ዴስክቶፑ ላይ ካለ ከመነካካቱ በፊት የዳታ ፎልደሩን ለብቻ ባክአፕ ያድርጉ።

ሥራውን የጥምቀት ኅትመት ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ግርግር ላይ አያድርጉት። ዴስክቶፑ ባትሪ ስለሌለው ሲጫን ዩፒኤስ ይሰካለት፤ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ያ የጻፉት የፎንት ስም ላፕቶፑም ላይ የድሮው ፎልደር ውስጥም ካልተገኘ፣ ስሙን እንዳለ ከነቁጥሩ ጽፈው ይላኩልኝ፤ የትኛው ፕሮግራም እንደጻፈው ከስሙ መለየት ይቻላል።